ቫልቭ ማስፋት ስንት ፈረስ ይጨምራል?

ወንድሜ፣ የድሮ 1300 ኮሮላህን ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን ራስ) አውርደህ ቶርኖ ቤት ወስደሃል። እነሱም «የመግቢያ ቫልቩን (አየር የሚያስገባውን ክዳን) ከ36 ሚሊሜትር ወደ 38 እናሳድግልህ፣ ጉልበት ታገኛለህ» ብለውሃል። አንተም ስንት እንደሚጨምር ጠይቀሃል። ብርህን ከመክፈልህ በፊት ይችን አንብብ።

የቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰውን አየር ያህል ነው የሚሠራው። አየሩ ደግሞ የሚገባው በዚያች ቫልቭ ነው። በተራ የመንገድ ሞተር፣ በቫልቩ ስፋት ሲሰላ፣ የአየሩ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 60 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ሞተሩ መታፈን ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ብትረግጠው የሚጨምረው ጩኸቱ ነው። ከዚህ ተነስተን ስናሰላው ለድሮ ባለካርቡሬተር ሞተር በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር የመግቢያ ቫልቭ 1.6 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይወጣል። ባለ 36ቷ ቫልቭ 10.2 ካሬ ሴንቲሜትር ናት። አራቱ ሲደመሩ 40.7፣ በ1.6 ሲባዛ 65 ፈረስ።

የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስቶኑ ምትስ የት ገቡ? አልገቡም! እነሱ የሚወስኑት ያ ጉልበት በስንት ዙር እንደሚመጣ ነው። ስፋቱ 75፣ ምቱ 73 ሚሊሜትር ለሆነ ሞተር በደቂቃ 5,700 ዙር አካባቢ ይሆናል። (ቱርቦ ላለው ናፍጣ ይህን ሂሳብ እርሳው።)

በ38 ስታሰላው 73 ፈረስ ገደማ ይመጣል፤ ያውም በ6,300 ዙር። እስቲ ንገረኝ፣ ከፒያሳ አዘዞ ስትመላለስ መቼ ነው 6,300 የምታስገባው?

እኔ ከዓመታት በፊት ይችኑ ነገር አሠርቼ ከስሬያለሁ። ቫልቩ ሰፋ፣ ካሙ (ቫልቩን እየገፋ የሚከፍተው ዘንግ) ግን ያው የድሮው ነበር፤ የሚያነሳው 8 ሚሊሜትር ብቻ። ቫልቭ ስፋቱን ሙሉ በሙሉ የሚጠቀመው የዲያሜትሩን ሩብ ያህል ሲነሳ ነው፤ 36ቷ ራሷ 9 ሚሊሜትር ትፈልጋለች። ከዚያ ባነሰ ሲነሳ መተላለፊያው የሚያድገው በዲያሜትሩ ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ 11 በመቶ ሰፋ ብዬ የከፈልኩበት ቫልቭ በተግባር የጨመረው መተላለፊያ 5 በመቶ ተኩል ነው። ጠርዙም ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ተጠግቶ የአየሩን መንገድ ዘጋው። ሊማሊሞን በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ መኪናዋ ከበፊቱ ሰነፈችብኝ። የሠራልኝ ሰውዬ «ይለምዳል» አለኝ። እስካሁን አልለመደም።

ደግሞ ያለነው ጎንደር ነው፣ ከ2,100 ሜትር በላይ። አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል። 65 ያልነው እዚህ 52 ቢሆን ነው። የሳሳውን አየር በቫልቭ አትመልሰውም። ካርቡሬተሩ ግን ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላህን (እሳት የሚረጨውን) ፈትተህ እየው። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ አነስ ያለ የነዳጅ ቀዳዳ አስገባለት፤ ዋጋው ከቶርኖው ጋር አይወዳደርም።

ቴስታታው እንደወረደ ቫልቮቹን በደንብ አስሞርድ፣ መቀመጫቸውም በትክክል ይገጥም። ካሙ ስንት ሚሊሜትር እንደሚያነሳም ለክተህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።