ባልወጣ ጥርስ ዙሪያ ያለ ጥቁር ክብ፦ ሲስት ነው ወይስ አሜሎብላስቶማ?

ውድ ባልደረባችን፣ የ19 ዓመት ወጣት በታችኛው መንጋጋው የኋላ ክፍል ሕመም የሌለው እብጠት አለው፤ በፓኖራሚክ ራጅ ባልወጣ የአእምሮ ጥርሱ ዙሪያ ጠርዙ የጠራ ትልቅ ጥቁር ክብ ታይቷል፤ ባዮፕሲው (የናሙና ምርመራው) «ዴንቲጀረስ ሲስት»፣ ማለትም ባልወጣ ጥርስ ዙሪያ የሚፈጠር ፈሳሽ የያዘ ከረጢት፣ ብሏል፤ ይህ በቂ ነውን ብለው ጠይቀዋል። በእኔ እምነት በቂ አይደለም።

ዩኒሲስቲክ አሜሎብላስቶማ (እንደ አንድ ከረጢት ሆኖ የሚያድግ የመንጋጋ ዕጢ) የሚበዛው በዚሁ ዕድሜና በዚሁ ቦታ ሲሆን፣ በራጅ ላይ ከዴንቲጀረስ ሲስት ላይለይ ይችላል። የዕጢው ሕዋሳት የከረጢቱን ግድግዳ በሙሉ አንድ ዓይነት አድርገው ስለማይሸፍኑ፣ ከአንድ ጥግ የተወሰደች ትንሽ ናሙና ተራ ሲስት መስላ ልትታይ ትችላለች። በሥራዬ እንደተረዳሁት፣ የፓቶሎጂው ወረቀት ከራጁና ከምርመራዬ ጋር ካልተስማማ ወረቀቱን እንደ መጨረሻ ቃል መቀበል አይገባም።

ስለዚህ ራጁን በሲቲ ስካን ያጠናክሩት። አጥንቱ ወደ ጉንጭም ወደ ምላስም ተለጥጦ፣ የአጎራባች ጥርሶች ሥር በቢላ የተቆረጠ ያህል ተበልቶ ከታየ ጥርጣሬው ወደ አሜሎብላስቶማ ያጋድላል። ብዙም ሳይለጠጥ በመንጋጋው ርዝመት የሚሄድ ከሆነ ግን ኬራቶሲስትን (ሌላ ዓይነት የመንጋጋ ከረጢት) ያስቡ። (የዓለም ጤና ድርጅት ይህንን በ2005 በዕጢነት መድቦት በ2017 ወደ ሲስት መልሶታል፤ የቆዩ ውጤቶችን ሲያነቡ ግራ እንዳይጋቡ።) ቁስሉ በላይኛው ክራንቻ ዙሪያ ሆኖ ከጥርሱ አንገት አልፎ ወደ ሥሩ ቢወርድ አዴኖማቶይድ ኦዶንቶጀኒክ ዕጢ ይጠረጠር ነበር፤ የእርስዎ ታካሚ ግን ከዚህ ርቋል።

ከመቁረጥ በፊት በመርፌ መሳብ ምንጊዜም ተገቢ ነው። ገለባ መሰል ቢጫ ፈሳሽ ሲስትነትን ቢያመለክትም አሜሎብላስቶማን አያስቀርም፤ ትኩስ ደም በቀላሉ ከመጣ ግን የደም ሥር ቁስል ሊሆን ስለሚችል፣ ምስል ሳይነሣ ቢላዋ መንካት አደገኛ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ከረጢቱን በሙሉ ጠርጎ ማውጣትና አንድም ክፍል ሳያስቀሩ ከራጁ ቅጂ ጋር ለፓቶሎጂስቱ መላክ ነው። በጥያቄው ወረቀት ላይ አሜሎብላስቶማን እንደጠረጠሩ፣ ግድግዳው ከብዙ ቦታ ተቆርጦ እንዲመረመርም እንደሚፈልጉ በግልጽ ይጻፉ። ዕጢው ከተገኘ በውስጠኛው ሽፋን ብቻ መቅረቱ ወይስ ወደ ግድግዳው ዘልቆ መግባቱ ተለይቶ ይነገርዎ፤ በመጀመሪያው ሁኔታ ጠርጎ ማውጣቱ በጥብቅ ክትትል ሊበቃ ሲችል፣ በሁለተኛው ግን ብዙዎቻችን እንደ ተለመደው አሜሎብላስቶማ ሰፋ ያለ ቀዶ ሕክምናን እንመርጣለን።