ለውሾች ጓሮ የሚሆን ሰው ሠራሽ ሣር፦ ናሙናውን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ላስ ቬጋስ በገዙት ቤት ጓሮ ሁለት ውሾችና ሁለት ልጆች አብረው የሚውሉበት ሰው ሠራሽ ሣር ለማስነጠፍ እንዳሰቡ፣ ሦስት ሻጮች ናሙና እንዳሳዩዎትና የትኛው ሽታ ሳያመጣ እንደሚቆይ ማወቅ እንደፈለጉ ጽፈዋል። እኔም በዚሁ ከተማ ስኖር ጓሮዬን ሁለት ጊዜ ሣር አስነጥፌአለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ተኩል ሳይሞላው ነቅዬ ስለጣልኩት፣ የደረሰብኝን በዝርዝር ብነግርዎ እርስዎን ከተመሳሳይ ወጪ ያድንዎታል ብዬ አምናለሁ።

ሻጮች ናሙናውን የሚያሳዩት ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ነው፤ ለስላሳነቱን ዳብሰው፣ ልምላሜውን አይተው እንዲወስኑ ይፈልጋሉ። እርስዎ ግን ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ። ብዙዎቹ ምንጣፎች ጀርባቸው ውሃ በማያሳልፍ ላቴክስ ወይም ፖሊዩረቴን ሙሉ በሙሉ ከተቀባ በኋላ በየጥቂት ኢንቹ ቀዳዳ ይበሳበታል። የዝናብ ውሃ ብዙ ስለሆነ ተንሸራቶም ቢሆን ቀዳዳውን ያገኛል፤ የውሻ ሽንት ግን ጥቂት በመሆኑ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያርፍና እዚያው ይደርቃል። ሌላው ዓይነት ጀርባው በሙሉ እንደ ወንፊት ውሃ የሚያሳልፍ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ናሙናውን ከዕቃ ማጠቢያው በላይ አግድም ይያዙና ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ውሃው ካፈሰሱበት ሥር በቀጥታ ካልወረደ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለውሻ አይግዙት።

ይሁን እንጂ ጥሩ ጀርባ ያለው ምንጣፍም ከሥሩ መሬቱ ውሃ ካላሳለፈ ዋጋ የለውም። እኔ የተጎዳሁት በዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች መሬቱን ደልድለው፣ ስስ የድንጋይ ዱቄት አልብሰው፣ ምንጣፉን በሚስማር መትተው በአንድ ቀን ጨርሰው ሄዱ። ክረምቱ በሰላም አለፈ። ሙቀቱ ሲጠና ግን አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በረንዳ ላይ ቡና እያፈላን ሳለ፣ ቶናው ሳይቀዳ እንግዶቻችን አንድ በአንድ ወንበራቸውን እያነሱ ወደ ቤት ውስጥ ገቡ። ማንም ምክንያቱን አልተናገረም፤ እኔና ባለቤቴ ግን ተያየን። በማግሥቱ ውሻዬ ቡቺ ዘወትር እግሩን የሚያነሳበትን የአጥር ጥግ ሚስማሩን ነቅዬ ስገልጠው፣ የድንጋይ ዱቄቱ ጠቁሮ እንደ ሊጥ ተጣብቋል፤ ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ከዱቄቱ በታች ያለው ደግሞ ነጭና እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ መሬት ነበር። ይህ በአካባቢያችን ካሊቺ የሚባለው፣ በካልሲየም ካርቦኔት የተጣበቀ አፈር ነው፤ ውሃ እንደ ልብ አያሰርግም። በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ወደ አሞኒያ ስለሚለውጠው፣ መውጫ ያጣው ሽንት ሙቀት ሲያገኝ ሽታው ይበረታል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ሰማዩ ራሱ ያጥባል፤ እዚህ ግን በዓመት የሚዘንበው በአማካይ 4 ኢንች ገደማ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ካሊቺውን አስቆፍሬ፣ ዱቄት ያልተቀላቀለበት የተፈጨ ጠጠር 4 ኢንች ያህል አስሞልቼ አስጠቀጠቅኩት። መሬቱም ከቤቱ እየራቀ ሲሄድ በእያንዳንዱ ፉት ርቀት ሩብ ኢንች ያህል ዝቅ እንዲል ተደርጎ፣ ውሃው በአጥሩ ሥር ጠጠር ወደተሞላ ቦይ ይወርዳል። ለሥሩ ያወጣሁት ገንዘብ ለምንጣፉ ካወጣሁት በልጧል፤ ዛሬም አይቆጨኝም። ስለዚህ ሻጮቹን በመጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ሣሩ ሳይሆን ምን ያህል ጥልቀት እንደሚቆፍሩና ምን ዓይነት ጠጠር እንደሚሞሉ ይሁን፤ መልሱንም በውሉ ላይ ያስጽፉት።

በቃጫዎቹ መካከል የሚነሰነሰውንም መሙያ ችላ አይበሉ። ከአሮጌ ጎማ የሚፈጨው ጥቁር ፍርፋሪ ሙቀት ስለሚይዝ ለውሻም ለልጅም አልመክረውም። ተራ አሸዋ ዋጋው ይቀንሳል፤ ሽታን ግን አይከላከልም። እኔ የተጠቀምኩት ዜኦላይት የተባለውን ማዕድን ነው፤ አሞኒያውን ይዞ ያስቀራል። ሆኖም ውሎ አድሮ ስለሚጠግብ በየጊዜው በደንብ መታጠብ፣ አልፎ አልፎም መጨመር ይፈልጋል። መሙያው ለዘለዓለም ሽታ ያጠፋል የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት አይመኑት።

አሁን ከሽታው የበለጠ ወደሚያሳስበኝ ወደ ሙቀቱ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 በዩታ የሚገኘው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጎማ ፍርፋሪ በተሞላ የስፖርት ሜዳ ላይ ባደረጉት ልኬት፣ አየሩ 98 ዲግሪ ፋራናይት በነበረበት ቀን የሰው ሠራሹ ሣር ገጽ 200 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ውሃ ሲያጠጡት ከ174 ወደ 85 ወረደ፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ግን ወደ 120፣ በ20 ደቂቃ ደግሞ ወደ 164 ተመለሰ። የእኛ ከተማ ሐምሌ 7 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. 120 ዲግሪ መመዝገቡን ሲያስቡ፣ ውሃ ረጭቶ ውሻን በቀትር ማስወጣት መፍትሔ እንደማይሆን ይረዳሉ። መዳፍዎን ገልብጠው በእጅዎ ጀርባ ሣሩን ለ7 ሰከንድ ይንኩት፤ እርስዎን ካቃጠለዎት የውሻውንም መዳፍ፣ የልጆቹንም እግር ያቃጥላል። እኔ የጥላ ሸራ ከወጠርኩ በኋላ ነው ጓሮው በበጋ ጥቅም ላይ መዋል የጀመረው። የሣሩን ዋጋ ሲያሰሉ ሸራውንም አብረው ያስቡ። ሙቀት የሚያንጸባርቁ አዳዲስ መስኮቶች ካሉዎትም ይጠንቀቁ፤ ነጸብራቃቸው ቃጫውን ሊያቀልጠው ይችላል።

የቃጫው ነገር ብዙም አያስጨንቅም። ከሚሠራባቸው የፕላስቲክ ዓይነቶች ፖሊኢትሊን ለስላሳና ለቤት የሚበቃ ነው፤ ናይሎን ጠንካራ ቢሆንም ይበልጥ እርጥበት ይመጥጣል፤ ፖሊፕሮፒሊን ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያረጃል። ቁመቱ ከ1 እስከ 1 ኢንች ተኩል ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ የረዘመው ዓይነ ምድርን አቅፎ ስለሚይዝ ማጽዳት ያስቸግራል። ልጆችም ስላሉዎት፣ እርሳስ ከተባለው መርዛማ ብረትና ፒፋስ (PFAS) ከተባሉት በቀላሉ ከማይበሰብሱ ኬሚካሎች ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለጽዳት በበጋ በየሁለት ቀኑ ማታ በውሃ ጎማ አጥበዋለሁ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ለቤት እንስሳት ሽንት የተዘጋጀውን የኢንዛይም ማጽጃ እጨምርበታለሁ። በረኪና ፈጽሞ አያፍስሱበት፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፤ ልጅና ውሻ ደግሞ ወደ መሬቱ ቀርበው ነው የሚተነፍሱት።

በመጨረሻም ጓሮውን በሙሉ አያልብሱት። እኔ በአጥሩ ጥግ፣ ከዛፉ ሥር፣ 6 በ10 ፉት የሚሆን ቦታ በጠጠር ብቻ ትቼ ውሾቹን በጠዋት በማሰሪያ እየወሰድኩ፣ እዚያ ሲሸኑ ቁራሽ ሥጋ እየሰጠሁ አለማመድኳቸው። ሁለት ወር ያህል ፈጀብኝ። ዛሬ ቡቺ በሩ ሲከፈትለት ሣሩን አቋርጦ ቀጥ ብሎ ወደ ጠጠሩ ይሄዳል።