የድሮ ቤት ያላችሁ፣ ሀረርም ድሬም፣ ዛሬ ጠይቁኝ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት ጁገል፣ የሀረር የድሮው ግንብ ውስጥ ነው፣ ከዛ ደግሞ እድሜዬን የጨረስኩት የድሮ ቤት በሜትር እየለካሁ ፕላን ስስል ነው፣ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ ግን ስልኬ ጡረታ አልወጣም፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው ይደውልና "ጣራዬን ልቀይር ብዬ ከለከሉኝ" ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከምለፈልፍ ዛሬ ከሰአት በርጫው ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ጠይቁኝ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጋሼ ካርታው በስሜ ነው፣ ቤቱን የሰሩት አያቴ ናቸው። መንግስት ምን ቤት ነው ግድግዳዬ ውስጥ ሚገባው?

ካርታህን ማንም አልወሰደብህም አይዞህ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 41 ላይ ቅርስ መጠበቅ የመንግስት ሃላፊነት ነው ይላል፣ ከዛ አዋጅ 209/1992 መጣና ቅርስ የሆነ ቤት ሲጠገን መጀመሪያ ፈቃድ ይወሰድ አለ፣ 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን የሀገር አቀፍና የክልል ብሎ ለያቸው። ጁገል በ1998 ዓ.ም ዩኔስኮ ላይ ሲመዘገብ አንድ ቤት ወይ አንድ መስጊድ ተነጥሎ አይደለም የተመዘገበው፣ ግንቡ፣ 82ቱ መስጊድ፣ መንገዱ፣ ግቢው፣ 48 ሄክታሩ ባንድ ላይ ነው። ህግ ህጉን ትተህ ደግሞ እስቲ ይሄን አስበው፣ ጌይ ጋር ምንለው የሀረሪ ባህላዊ ቤት ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግቢ ያዞረ ቤት ነው፣ እናትህ ግቢዋ ውስጥ ሻሿን አውልቃ ምትቀመጠው ማንም ስለማያያት ነው። ጎረቤትህ ሁለት ፎቅ ቢያወጣስ? ያኔ ከልካይ ፍለጋ ቀድመህ ምትሮጠው አንተው ነህ።

ሲሚንቶ ለምን ይከለከላል? ጭቃ በየአመቱ መለሰን ሰለቸን እኮ

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የኛ ግድግዳ ሀሺ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ላዩ ኖራ። ይሄ ግድግዳ ይተነፍሳል፣ ክረምት እርጥበት ይጠጣል በጋ ይተፋል። ሲሚንቶ ስትለስንበት መተንፈሻውን ዘጋህበት ማለት ነው፣ ውሃው ከመሬትም ከጣራም ይገባል መውጫ ግን የለውም፣ ውስጥ ያለው ጭቃ ቀስ እያለ ይሟሟል፣ አንተ ከውጪ ምታየው ግን ልስልስ ያለ ቆንጆ ግድግዳ ነው። አንዴ ሰንጋ በር አካባቢ አንድ ቤት ልለካ ገብቼ ግድግዳውን በጣቴ አንጓ ኳ ኳ ሳደርገው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። ባለቤቱ "ጠንካራ ነው አምና ነው ያስለሰንኩት" አለኝ። ጠርዙን በቢላ ጫፍ ነካ ሳደርገው ሲሚንቶው እንደ ድርቆሽ ተላጦ ወረደ፣ ከስሩ ያለው ጭቃ በእጅህ ምትዝቀው እርጥብ ነበር። ከሁለት ክረምት በኋላ ጥጉ ተናደ፣ ደግነቱ ሰው ውስጥ አልነበረም።

በየአመቱ መቀባቱ ያደክማል፣ አልክድም። ግን ኖራ ሚቀባ ሰው በዛው ሰበብ በአመት አንዴ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ያየዋል፣ ስንጥቁን በጣት ውፍረት እያለ ያገኘዋል። ሲሚንቶ የለሰነው ሚያገኘው ሲወድቅበት ነው።

ግማሹ ጁገል ቆርቆሮ ለብሶ የለ እንዴ? እኔ ላይ ሲደርስ ነው ህጉ ሚነቃው?

ሃቅ ነው፣ ምንም ምመልስልህ የለኝም። አብዛኛው ቆርቆሮ ግን ከምዝገባው በፊት የለበሰ ነው፣ ጣራ ላይ ሚረበረበው ጠላ ሚባለው እንጨት እየጠፋ እየተወደደ ሲመጣ ሰዉ ምን ያድርግ። እዚ ጋ ነው እኔ ከቢሮዎቹ ጋር ምጣላው፣ "አይቻልም" ብሎ ደብዳቤ መስጠት ቀላል ነው፣ እንጨቱን ከየት እንደሚያመጣ ሚነግረው ግን የለም፣ ሰውየው ክልከላውን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ክረምት ይመጣል፣ ጣራው ያፈሳል፣ በአምስት አመት ውስጥ ሚጠበቅ ቤት አይኖርም። አዋጅ 209 ጥገናው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግስት ከወጪው የተወሰነውን ሊረዳ ይችላል ይላል እኮ፣ ይሄን ግን ጠይቆ ሚያመለክት ሰው አይቼ አላውቅም። ስታመለክት "ፈቃድ ይሰጠኝ" ብቻ አትበል፣ "አቅም የለኝም፣ በአዋጁ መሰረት ድጋፍ ይደረግልኝ" ብለህ ጨምርበት፣ ኮፒው ላይ ማህተም አስደርግና አስቀምጥ።

የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው ምንኖረው፣ አራት አባወራ ባንድ ግቢ። ማነው ሚጠግነው?

ወይ ጉድ፣ ትልቁ ቁስል ይሄ ነው። በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ ያን የመሰለ ቤት በኮምፖርሳቶ ተከፋፈለ፣ ኪራዩ ደግሞ አንድ ቀለም አይገዛም። ተከራዩ "የኔ አይደለም" ይላል፣ ቀበሌው "በጀት የለም" ይላል፣ ዝናቡ ደግሞ ማንንም አይጠይቅም። ህጉ ላይ ከሆነ ባለቤቱ መንግስት ነውና ጥገናው የመንግስት ነው። እናንተ አራታችሁ ባንድ ወረቀት ፈርማችሁ አመልክቱ፣ አንድ አንድ ከሄዳችሁ አራቴ "ነገ ና" ትባላላችሁ። የጣራውን የውሃ መውረጃ ግን ማንንም ሳትጠብቁ ጥረጉ፣ ለሱ ፈቃድ አያስፈልግም።

አቦ አንተ ሰውዬ ሁሌ ሀረር ሀረር፣ እኛ ድሬዎችስ ቅርስ የለንም? ከዚራ ያለው ቤት ሁሉ ዝም ብሎ ሊፈርስ ነው?

ድሬ ስታንጓጥጡኝ ነው ደስ ሚለኝ ወላሂ፣ "እርስዎ" ሲሉኝ ያረጀሁ ይመስለኛል። አላችሁ እንጂ! ድሬን ድሬ ያደረጋት ባቡር ነው፣ ሀዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሀረር መድረስ ስላልቻለ በ1895 እናንተ ጋ ቆመ፣ ከዛ ጣቢያው፣ ጋራዡ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ያሉት ቤቶች፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ፣ ያ ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። አንድ ሚገርም ነገር ልንገርህ፣ በ1958 ዓ.ም የወጣው የጥንታዊ ቅርስ አዋጅ ቅርስ ሚለው ከ1850 በፊት የተሰራውን ነበር፣ በዛ ህግ ብትሄድ ድሬ ከነጣቢያዋ አንድም ቅርስ የላትም ማለት ነው። የ1992ቱ አዋጅ ላይ ያ የአመት አጥር የለም፣ አሁን ሚታየው እድሜው ብቻ ሳይሆን ምን ይመሰክራል ሚለው ነው። ግን ያልተመዘገበ ቤት ዶዘር ሲመጣ ሚከራከርለት ወረቀት የለውም። ስለዚ ጠይቁ፣ ያ ቤት መዝገብ ላይ አለ ወይ? ከሌለ ፎቶውን አንስታችሁ፣ ማን እንደሰራው ሽማግሌ ጠይቃችሁ ባህልና ቱሪዝም በጽሁፍ አስገቡ፣ ማስታወቂያ ከተለጠፈ በኋላ ሳይሆን አሁን።

የራምቦ ቤት የራምቦ አይደለም ሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሰውየው፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ፣ በ1891 እንደ ፈረንጆቹ ታሞ ከሀረር ወጣ፣ እዛው ሀገሩ ሞተ፣ ቤቱን ደግሞ ከሱ በኋላ የህንድ ነጋዴ ነው የሰራው። ግን ቤቱ ይፍረስ አያሰኝም፣ ያ የእንጨት ስራ፣ ያ ባለቀለም መስታወት የህንድ ነጋዴዎች ሀረር ላይ የተዉት አሻራ ነው፣ ራምቦ ባይኖርም ይበቃዋል።

ዩኔስኮ ሊሰርዘን ይችላል?

ይችላል፣ ድሬስደንን በ2009 በድልድይ ምክንያት፣ ሊቨርፑልን በ2021 በወደብ ልማት ምክንያት ሰርዟል፣ ሁለቱም እንደ ፈረንጆቹ። አብዛኛውን ጊዜ ግን መጀመሪያ አደጋ ላይ ያለ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ያስገባሃል፣ የኛው ሰሜን ተራሮች እንደ ፈረንጆቹ ከ1996 እስከ 2017 እዛ ቆይቶ ወጥቷል።

ውጪ ሀገር ለባለቤቱ ካሳ ይከፍሉታል ወይስ እንደኛ ዝም ብለው ይከለክላሉ?

እንደየሀገሩ ነው። ኒውዮርክ ፔን ስቴሽን ሚባለውን ትልቅ የባቡር ጣቢያ እንደ ፈረንጆቹ በ1963 ማፍረስ ጀመሩ፣ ህዝቡ አበደ፣ በ1965 የከተማዋ የቅርስ ህግ ወጣ። እዛ ቅርስህ ላይ ፎቅ እንዳትጨምር ከከለከሉህ ያልሰራህበትን ከፍታ ባቅራቢያህ ላለ ቦታ ምትሸጥበት መንገድ አለ። ይሄ ለኛም ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ ከግንቡ ውጪ ፎቅ ሚፈልግ ባለሀብት ሞልቶ የለ።

ዲሽና ሮቶ ጣራ ላይ?

ሮቶ በፍጹም፣ ሞልቶ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አስበው። መሬት ላይ አድርገው። ዲሹን ግቢ ውስጥ።

እናቴ ነደባውን፣ ሳሎን ውስጥ ምንቀመጥበትን ደረጃ፣ በሙሉ ሴራሚክ ላስነጥፍ ብላ ሰራተኛ አናግራለች፣ ቅዳሜ ሊጀምሩ ነው። ምን ልበላት?

ጉልበቷን እያመማት ነው አይደል? ቀይ አፈሩን በየጊዜው ጎንበስ ብሎ መቀባት ከባድ ነው፣ የኔም እናት በሱ ነው ያማረረችው። "ህግ አይፈቅድም" ብለህ አትጀምር፣ ትቆጣሃለች። ያ ቀይ አፈር የጨለንቆ ሰማእታት ደም ማስታወሻ ነው እያሉ ያሳደጉን እነሱው ናቸው፣ እሱን አስታውሳት፣ ከዛ ደግሞ ሚቀባላት ሰው በወር አንዴ ቅጠርላት፣ ከሴራሚኩ ይረክሳል። የሰራተኛውን ስልክ ስጠኝና ቀብዱን እንዲመልስ እኔ አናግረዋለሁ። ከነካኩት ግን ዛሬውኑ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ አፈሩ ከተነሳ በኋላ የደረጃዎቹን ከፍታ ካላወቅኩት መመለስ አልችልም።