«ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ማለት የሆድ ሕመም አይደለም

በሰው አገር ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። «እንዴት ነሽ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፦ ደህና ነኝ። ደህና አለመሆኔን መጀመሪያ ያወቀው የጥርስ ሐኪሜ ነው። «ሌሊት ጥርስሽን ታፋጫለሽ። ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ። ምንም፣ አልኩት። ያን ጊዜ ሁለት ሥራ እሠራ ነበር። ስልክ በጠራ ቁጥር መርዶ የመጣ እየመሰለኝ እበረግጋለሁ።

ወገኖቼ፣ አፋችን ደህና ነኝ ሲል ሰውነታችን ሌላ ይናገራል። ደክሟችሁ ተኝታችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ፍጥጥ ትላላችሁ። ትከሻችሁ ወደ ጆሯችሁ ይሰቀላል። ትንፋሻችሁ ከደረት በታች አይወርድም። በትንሽ ነገር ልጆቻችሁ ላይ ትጮኻላችሁ። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ድንዝዝ ይላል። የእናቱን ስልክ እንኳ ማንሳት ያቅተዋል። ይሄን ሰው ሰነፍ አትበሉት፣ እባካችሁ። ጭንቀት ሲበዛበት ሰውነት የሚደነዝዝበት ጊዜ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አእምሮ አደጋ ሲሸተው ሰውነት አድሬናሊን የሚባል የጭንቀት ሆርሞን ይለቃል፤ ኮርቲሶል የሚባለው ሌላው ሆርሞን ይከተላል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ለሮጠ ሰው ጥሩ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ለሚጠብቅ ሰው ግን አደጋው ዓመት ሙሉ አያልፍም። አእምሮውን «ተረጋጋ» ብትሉት አይሰማም። ስለዚህ በሰውነት በኩል መግባት ይሻላል።

በጣም የረዳኝ አተነፋፈስ ነው። በአፍንጫ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፤ 6 ወይም 8 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ዋናው ማውጣቱ ነው። ጣታችሁን የእጅ አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ትንፋሽ ስታወጡ የልብ ምታችሁ ዘግየት ሲል ልታስተውሉ ትችላላችሁ። ከአንጎል ሥር ተነስቶ ልብና ሆድ ድረስ የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው ልብን የሚያቀዘቅዘው። እኔ ስልክ ሲጠራ ሁለቴ እንዲህ ተንፍሼ ነው የማነሳው። ከሥራ መልስ ደግሞ አምስት ደቂቃ።

ጡንቻው ካልላላ ትከሻችሁን ወደ ላይ ሰቅላችሁ 5 ሰከንድ ወጥራችሁ ያዙና በአንዴ ልቀቁት። ከዚያ እጅ፣ መንጋጋ፣ እግር። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያስተማረው ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል።

ትንፋሹን መከታተል ይበልጥ የሚያስጨንቀው ሰው አለ፤ በተለይ ክፉ ነገር ያየ። እሱ ዓይኑን አይጨፍን። እግሩን መሬት ላይ አጥብቆ ይትከል፣ ክፍሉን ቀስ ብሎ ይቃኝ፣ የሚያያቸውን ነገሮች በስማቸው ይጥራ።

ይሄ ሁሉ ግን ሐኪምን አይተካም። ደረት ሲያማችሁ ወይም ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ጭንቀት ነው ብላችሁ አትለፉት። የልብ ምት መፍጠን ከእንቅርት ዕጢ ወይም ከደም ማነስም ይመጣል፤ ተመርመሩ። የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ከጦርነት ወይም ከስደት መንገድ የመጣ ቅዠት ለማይለቃችሁ፣ ኢኤምዲአር (EMDR) የሚባል ሕክምና አለ፤ ክፉውን ትዝታ እያሰባችሁ ዓይናችሁን ወዲያና ወዲህ የምታንቀሳቅሱበት የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ከሚመክራቸው ሕክምናዎች ጋር አካቶታል። እዚያ ክፉውን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንድትተርኩ አትገደዱም።

አንድ ነገር አደራ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ያለች አንዲት እህት የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ስትመለስ አይቻለሁ። አስተርጓሚው የሆድ ሕመም ብሎት ነበር። ስለዚህ ዘርዝሩት፦ መቼ ይጀምራል፣ ምን ስትሰሙ ይብሳል፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ትነቃላችሁ። ጽፋችሁ ያዙ። ወረቀቱን ለሐኪሙ ስጡት።