መልስ፦ የትንሽ መስፍን ልጅ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለች?

ቁልፍ ስጫት። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ስለምትኖር ልጅ በምትጽፊው ልብ ወለድ፣ «ገጸ ባሕሪዬ መስኮት ላይ ከመቆም ሌላ የምትሠራው ጠፋኝ» ላልሽው መልሱ ጎተራው ውስጥ ነው። አባቷ ትንሽ መስፍን፣ ማለትም ሀብቱ ጥቂት የሆነ ባላባት ከሆነ፣ ለሁሉም ሥራ አገልጋይ የለውም። እህሉ እስከ መከር ይደርስ እንደሆነ እሷ ትቁጠር። ትፍተል፣ ትጥለፍ፣ የታመመ ታስታም።

አባቷ ሲዘምት ደግሞ ግቢውን የምትይዘው እናቷ ናት፤ ልጅቷም አጠገቧ ሆና ትማራለች። ይሄ ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። ማርጋሬት ፓስተን የተባለች እንግሊዛዊት እመቤት በ1448 እ.ኤ.አ. ቤቷን ለመከላከል ባሏ ቀስት እንዲልክላት ጽፋለች። እዚያው ደብዳቤ ላይ ስኳርም አዝዛለች! ቀስትና ስኳር አንድ ወረቀት ላይ። የልጅቷ ዓለም እዚያ ነው ያለው።

ግጭት ካስፈለገሽ፣ ሦስት እህትማማቾች ይሁኑና አባታቸው ለሙሽራው ቤት የሚሰጠው ጥሎሽ ለአንዷ ብቻ ይብቃ። ወይም ትልቅ ቤት ሄዳ እንድታገለግል ትላክ፤ ያኔ የተለመደ ነበር።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኔ የመጀመሪያዋን ጀግናዬን መርፌ የምትንቅ፣ ሰይፍ ብቻ የምትወድ አድርጌ ጻፍኳት። ያነበበችልኝ ጓደኛዬ «እናቷስ? ሞግዚቷስ? ምንም አያውቁም ማለት ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሁለቱን ሴቶች እንደገና ለመጻፍ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ተነሣሁ።