የባልሽ የጨረር ሽጉጥ ዝንብ አይገድልም

እህታችን ሰሞኑን እንዲህ ብላ ጠይቃለች፦ «ባለቤቴ የድሮ የጠፈር አሻንጉሊት ሽጉጦችን ከየጋራዥ ሽያጩ እየለቀመ ሳሎኑን ሞላው። አንዱ መዳብ ይመስላል፣ አናቱ ላይ ትንሽ መስኮት አለው። ሌላው ጃፓን የሚል የተጻፈበት ቆርቆሮ ነው። ዋጋ አላቸው? ወልውዬ አዲስ ቀለም ልቀባቸው? ልጆቹ ይጫወቱባቸው? ደግሞስ ሰውዬው ጤነኛ ነው?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ጤነኛ ነው። እኔም የዚሁ በሽታ ተጠቂ ስለሆንኩ ምስክርነቴን እንደፈለግሽ ቁጠሪው።

መስኮት ያልሽው ግን ቀልቤን ወሰደው። ጎኑ ላይ ባክ ሮጀርስ የሚል ካለበት፣ በ1930ዎቹ የወጣው «ዲስኢንተግሬተር» ሊሆን ይችላል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሞዴል ስሙ ኤክስ ዜድ 38 ነው። ስሙ እንደሚለው ጠላትን ወደ ብናኝ ይበትናል። አሠራሩ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ምላጩን ስትስቢ ውስጡ ያለው የላይተር ድንጋይ ይፋጭና በመስኮቱ በኩል ብልጭ ይላል። በቃ። ጠላት ተበትኗል። አላመንሽም? ብልጭታውን አይተሽ የለ!

ባክ ሮጀርስ ከ1929 ጀምሮ በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ የወጣ የሥዕል ታሪክ ጀግና ነው፤ ተኝቶ 25ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የነቃ። ዴዚ የሚባለው የአየር ጠመንጃ ፋብሪካ፣ ያኔ ሚሺጋን ውስጥ ፕሊመዝ ከተማ ነበር፣ በ1934 የዚህን ሰውዬ የመጀመሪያ ሽጉጥ አወጣ፤ ኤክስ ዜድ 31። ዋጋው 50 ሳንቲም ገደማ። አስቢው እስኪ፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ ሥራ የጠፋበት ዘመን ነው። ሽጉጡ ጥይት የለው፣ ውሃ የለው፣ ብልጭታም የለው። አቀባብለሽ ስትተኩሺ «ጧ!» ይላል። ለአንድ «ጧ» ሃምሳ ሳንቲም! እንዲያም ሆኖ እንደ ጉድ ተሸጠ።

እኔን የሚገዛኝ ይሄው ነው። የጨረር ሽጉጥ ማለት ፉከራ ብቻ ነው፣ ውጊያ የሌለበት ፉከራ። አፈሙዙ ዙሪያ የተደረደሩትን ቀለበቶችና ክንፎች አይተሻቸዋል? ማቀዝቀዣ መሆናቸው ነው። ምኑን ሊያቀዝቅዙ? ያችን የላይተር ድንጋይ? በ1936 ዴዚ «ፈሳሽ ሂሊየም» የሚባል ቀይና ቢጫ ሽጉጥ ጨመረ። እውነተኛ ፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ የቀዘቀዘ ነገር ነው። ከዚህኛው የሚወጣው ግን የቧንቧ ውሃ ነበር።

የምወደው ቀልድ ግን ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ነው። ሂሮሺማ ላይ ቦምብ ወደቀ፣ አቶም የሚለው ቃል የሁሉም ሰው አፍ ላይ ገባ። ዴዚም የዚያኑ የበታኙን ሽጉጥ ቅርጽ መልሶ «ዩ 235 አቶሚክ ሽጉጥ» ብሎ አወጣው። ስሙ ከአንድ የዩራኒየም ዓይነት የተወሰደ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አዲሱን ሞዴል «ዩ 238» አለው። ቁጥሩ ሲጨምር ኃይሉ የጨመረ መስሏቸው ይሆናል። ለቦምብ የሚሆነው ግን ብርቅዬው 235 ነው። 238 ከመሬት የሚወጣው ዩራኒየም ከመቶ 99 እጁ ነው፣ ብቻውን ቦምብ አይሆንም። ልጆቹ አዲስና የተሻሻለ ብለው የገዙት መሣሪያ በስሙም ቢሆን የማይፈነዳ ነበር ማለት ነው።

በ1954 ላንካስተር፣ ፔንሲልቫኒያ የነበረው ሃብሊ የሚባል የአሻንጉሊት ፋብሪካ «አቶሚክ ዲስኢንተግሬተር»ን አመጣ። ቀይ እጀታ አለው፣ ሰውነቱ በሙሉ መደወያና ቱቦ ነው፣ አንዱም አይሠራም። ባሩድ የተቀባ የወረቀት ጥቅል አጉርሰሽው ይጮኻል። ባልሽ እሱን ካገኘ ሳትጨቃጨቂ ግዢለት።

እውነተኛው ጨረር ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። በ1960 ቴዎዶር ሜማን ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን ሌዘር ሠራ። ጋዜጦች የሞት ጨረር መጣ ብለው ጻፉ። ሌዘሩ ግን በ1974 ኦሃዮ ውስጥ ትሮይ በምትባል ከተማ አንድ ሱፐርማርኬት ገብቶ የማስቲካ ፓኬት ዋጋ አነበበ። እስከ ዛሬም እዚያው ካሸር ሆኖ ቀርቷል።

ፊልም ላይ ያሉትንስ? ብለው የሚጠይቁ አሉ። በ2022 የስታር ዋርስ ጀግና፣ የሃን ሶሎ ሽጉጥ፣ ጨረታ ላይ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። ይወደድ፣ ግን እኔን አያስቀኝም። ከላዩ የተለጠፈበትን ብታነሺ ከሥሩ የጀርመን ማውዘር ነው፣ አያቶቻችን ስሙን የሚያውቁት ማውዘር። እውነተኛ ሽጉጥ ሲያስመስል ምን ያስቃል?

አሁን ወደ ሥራው። መዳብ መሳዩን በብራሶ፣ በዚያ የብረት መወልወያ፣ እንዳትፈትጊው! ቀለሙ ስስ ሽፋን ነው፣ አንዴ ከለቀቀ አለቀ። አዲስ ቀለም መቀባት ደግሞ ዋጋውን መቅበር ነው። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ቆርቆሮውን ውሃ አታስነኪ፤ በመጋጠሚያው ሾልኮ ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል። የጃፓኖቹ ብዙ ጊዜ ምላጩ ሲሳብ ጎማ እያሽከረከረ ፍንጣሪ የሚረጭ ነው። ባትሪ የሚወስድ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ከፍተሽ አውጪው፤ የቆየ ባትሪ አፍስሶ ስንቱን ቆንጆ ነገር ከውስጥ በልቶታል። እንደ ሃብሊው ያለውን ቀልጦ የተሠራ ብረት ሲገዛ ደግሞ ስንጥቅና እብጠት ይፈልግ። ያ በሽታ መድኃኒት የለውም።

አፈሙዙ ጫፍ ላይ ብርቱካንማ መሰኪያ ካለ የ1930ዎቹ ነው ቢሉሽ ተጠራጠሪ። አሜሪካ ለአሻንጉሊት ሽጉጥ ያንን ምልክት የጠየቀው በ1988 በወጣ ሕግ ነው።

ልጆቹ አይጫወቱባቸው። ለዕቃው ብዬ አይደለም፣ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ ያለው ቀለም በአሻንጉሊት ላይ አሜሪካ ውስጥ የተከለከለው በ1978 ነው። የቆርቆሮው ጠርዝም ይቆርጣል። ለወንድም ልጅ ስጦታ ብላችሁ በእጅ ሻንጣ ይዛችሁ አዲስ አበባ ልትሄዱ ካሰባችሁም ተዉት። ፈታሽ ፊት ቆሞ «ይሄ እኮ የ25ኛው ክፍለ ዘመን ነው» ብሎ ማስረዳት አያዋጣም።

ዋጋው እንደ ይዞታው ነው፤ ሳጥኑ ካለ ግን ሌላ ወሬ ነው። ካርቶኑን ልጆች ያኔውኑ ቀደው ስለጣሉት ዛሬ ከሽጉጡ ይልቅ እሱ ነው የሚጠፋው። ጋራዡን ፈትሺ። ካገኘሽው ፎቶውን እዚህ ከመለጠፍሽ በፊት በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ለባልሽም አትንገሪው።