የዶን ኪኾቴ የመዳብ ሥዕሎችና የሥራ ዕድላቸው

ጥያቄሽ፦ «የህትመት ጥበብ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በጥንታዊዎቹ የዶን ኪኾቴ (ሰርቫንቴስ ስለ አንድ ባላባት የጻፈው የስፔን ልብ ወለድ) እትሞች ላይ ያሉትን የመዳብ ቅርጽ ሥዕሎች ማጥናት እፈልጋለሁ። እንጀራ ይሆናል?»

ይሆናል፤ ግን ደሞዙ ያለው ካታሎግ ማዘጋጀቱ ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየምና የጨረታ ቤት የሚፈልጉት መጽሐፉን ገልጦ ምን እንደያዘና ምን እንደጎደለው በትክክል የሚጽፍ ሰው ነው። መዳብ የቀረጸ እጅ ስላለሽ እዚህ ላይ ከሥነ ጽሑፍ ተመራቂ ትቀድሚያለሽ።

ሥራው በቆጠራ ይጀምራል። ጽሑፉ በፊደል ማተሚያ፣ ሥዕሉ በጥቅል መጭመቂያ ለየብቻ ታትመው ጠራዡ ነበር የሚያገናኛቸው። ስለዚህ አንዳንዱ ሥዕል ያለቦታው ይገባል፤ ሌላው ተገንጥሎ በፍሬም ይሸጣል። ቀጥሎ መዳቡ ወረቀቱ ላይ የተወውን የጠርዝ አሻራ በሚሊሜትር ለኪ፤ ቁመት ይቅደም። ብርሃን ከጎን አብሪበት። የፈረንሳዊው ሰዓሊ የጉስታቭ ዶሬ የ1863 (እ.ኤ.አ.) ሥዕሎች በእንጨት የተቀረጹ ስለሆኑ ይህ አሻራ የላቸውም፤ ጀማሪ ግን በመዳብ ይመዘግባቸዋል።

ከሥሩ ያለውን ፊርማ እንዳለ ገልብጪ፦ «ዴል.» የሳለው፣ «ስኩልፕ.» የቀረጸው፣ «ኤክስኩድ.» ያሳተመው ነው። ኾአኪን ኢባራ በ1780 ማድሪድ ላይ ለስፔን አካዳሚ ባተመው እትም አንቶኒዮ ካርኒሴሮ ከሰዓሊዎቹ፣ ፈርናንዶ ሴልማ ከቀራጮቹ ናቸው። ሁለቱን ሚና ማምታታት በካታሎግ ውስጥ በብዛት የምናየው ስህተት ነው፤ የቀራጩን ድካም ስለሚሰርቅ ያሳዝነናል።

ቅጂን መለየት ከሁሉም ይከብዳል። የብራሰልሱ የ1662 እትም ሥዕሎች በአብዛኛው ከዶርድረኽቱ (ኔዘርላንድ) የ1657 እትም የተወሰዱ ናቸው። ቀራጭ የታተመ ሥዕል ዐይቶ እንዳለ መዳብ ላይ ከቀረጸ ህትመቱ ተገልብጦ ይወጣል። ባላባቱ ጦሩን በግራ እጁ ከያዘ ተጠራጠሪ። መስመሩ የሳሳና ጥላው የነጣ ከሆነ መዳቡ ብዙ ታትሞበት አልቋል፤ አዲስ ጠንካራ መስመር በአሮጌው ላይ ከተደረበም ዳግም ተቀርጿል ማለት ነው።

እስከ ምረቃሽ ድረስ ስፓኒሽ በማንበብ ደረጃ ተማሪ። የስፔን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ከለቀቃቸው ዲጂታል ቅጂዎች አሥር ሥዕል መርጠሽ ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ መግለጫ ጻፊ። ስክሪን ላይ አሻራ ስለማይለካ፣ መለካቱን በትምህርት ቤትሽ ህትመቶች ላይ በአሥር እጥፍ ማጉያ ተለማመጂ። ለሁለተኛ ዲግሪ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ምረጪ፤ ቀጣሪው የሚጠይቀው እሱን ነው። ከማመልከቻሽ ጋር አሥሩን መግለጫ አያይዢ።